ሻንጣው አልጋ ሥር፣ ትምህርቱ ቶኪዮ!

እናንተዬ! «የእነ እከሌ ልጅ ለትምህርት ውጭ ልትሄድ ነው» እንደሚለው ወሬ ሰፈር የሚያሟሙቅ ነገር አለ እንዴ? ሠርግ እንኳ እንዲህ አያሟሙቅም። ቪዛው ገና ሳይመታ በርበሬው ይቀመማል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ በሶው ይቋጠራል። አክስት ጋቢ ይዛ ትመጣለች። አጎት ደግሞ «እዚያ ስትደርሺ ከማን ጋር እንደምትውዪ እወቂ» የሚል ምክሩን ይዞ ከች ይላል። ከዚያ ሽኝት ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል፣ ይለቀሳል። ሁሉም እንደ አቅሙ በፖስታ አሽጎ ያስጨብጣል።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ልጅቷ ባትሄድስ? ቪዛ ተከልክላ አይደለም። ገንዘብ አንሷትም አይደለም። ትምህርቱ ራሱ በኮምፒውተር አድርጎ እቤቷ ድረስ ቢመጣባትስ? «ሻንጣሽን አልጋ ሥር አስገቢና ኮምፒውተርሽን ክፈቺ፤ ከዛሬ ጀምሮ የውጭ አገር ተማሪ ነሽ» ብትባልስ?

ጉድ ነው አትሉም? ግን የሆነ ነው። የሆነውም በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። በ2020 ኮሮና ዓለምን በየቤቱ ሲቆልፍ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ውጭ ሄዶ መማር» የሚባለውን ነገር ወደ ስክሪን ለማዛወር ተገደዱ። ኮሮናው ሲበርድም ነገሩ አልቀረም። ዛሬም «ቨርቹዋል» የሚል ስም የተለጠፈበት የልውውጥ ፕሮግራም ሞልቷል፤ ከእናንተም መካከል ግብዣው ነገ በኢሜይል የሚደርሳችሁ አትጠፉም። ታዲያ ትቀበሉታላችሁ ወይስ ትስቁበታላችሁ?

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያው ላይ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ የመምህራን ሳይንስ አልተነትንላችሁም። የማጫውታችሁ በዚህ መንገድ ካለፉ ልጆች የሰማሁትንና እኔም አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ሰው ለምን ነበር የሚሄደው?

ወደ ገደለው ከመግባታችን በፊት እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1923 ዴላዌር የተባለ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 8 ተማሪዎቹን በመርከብ አሳፍሮ ወደ ፈረንሳይ ላከ። አንድ ዓመት እዚያው ተምረው እንዲመለሱ ነው። በአሜሪካኖቹ ዘንድ የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ጀማሪ እየተባለ የሚጠቀሰው ይሄ ጉዞ ነው። አውሮፓውያኑ ደግሞ በ1987 ኢራስመስ የሚባለውን አቋቋሙ። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ተለዋወጡበት። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ያለፈው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ልብ በሉ! እነዚያ 8 ልጆች ውቅያኖስ ያቋረጡት የፈረንሳይኛ ሰዋስው ፍለጋ ብቻ አልነበረም። ሰዋስውማ አገራቸውም ሞልቷል። የሄዱት ከፈረንሳይ ቤተሰቦች ጋር ሊኖሩ፣ ከእነሱ ጋር ሊበሉ፣ ሲሳሳቱ ሊታረሙ ነው። ውጭ ሄዶ የተማረ ሰው ስትጠይቁት ስለ መምህሩ ብዙም አያወራችሁም። ስለሳተው ባቡር፣ ዳቦ ቤት ገብቶ ስለተንተባተበበት ቀን፣ ቤት ስላከራየችው ሴትዮ ነው የሚያወራችሁ። ትልቁ ትምህርት ያለው ከክፍል ውጭ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

2020 ሲመጣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉዞ ቀጥ አለ። አሜሪካን ብቻ ብንወስድ በ2018/19 የትምህርት ዘመን ለትምህርት ወደ ሌላ አገር የወጡ ተማሪዎቿ ከ347 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2020/21 ከ15 ሺህ በታች ወረዱ! እዚያው አሜሪካ የነበሩ የውጭ ተማሪዎችም ሌላ ጣጣ መጣባቸው። በጁላይ 2020 መንግሥት «ትምህርታችሁ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ከሆነ እዚህ መቆየት አትችሉም» የሚል መመሪያ አወጣ። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ መመሪያውም ጁላይ 14 ቀን ተሻረ።

ጃፓንስ? ጃፓን ደግሞ በመሐል ለአጭር ጊዜ ከፈት ካደረገችው በቀር እስከ ማርች 2022 ድረስ ለአዳዲስ የውጭ ተማሪዎች በሯን ዘግታ ቆየች። ባለታሪኬ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሽኝቱ ተበላ፣ ልጅቷ ቀረች

ባለታሪኬ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የእሷንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠቅስም። ቶኪዮ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኤፕሪል 2021 ለሚጀመር የማስተርስ ትምህርት ተቀበላት፤ ክፍያውንም በግማሽ ቀነሰላት። እሷም ሥራዋን ለቀቀች። ቤተሰብ እንደሆነ ቪዛ እስኪመታ አይጠብቅም፤ ሽኝቱን ደገሰ። ሽኝቱ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ኢሜይል መጣ። ድንበሩ እስኪከፈት ድረስ ትምህርቱን ካለችበት ሆና በቨርቹዋል እንድትከታተል ይነግራታል።

«መጀመሪያ ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ። «እቤት ቁጭ ብዬ ነው የምማረው ብል ማን ያምነኛል? ፖስታ የሰጡኝን ሰዎች ዓይን ማየት አፈርኩ። ሱቅ እንኳ የምሄደው ሲመሽ ነበር።»

ወሬው ግን መች ይተኛል? አንዷ ጎረቤት «ቪዛ ተከልክላ ነው» አለች። ሌላዋ «ቀድሞም የውሸት ነበር» አለች። ሦስተኛዋ ከሁሉም ብሳ «አርግዛ ነው የቀረችው» ብላ አረፈችው! አባትየው ዕድር በሄዱ ቁጥር «ልጅቷ ደህና ገባች?» የሚል ጥያቄ ስለሚያጋጥማቸው ዕድር መሄድ ቀነሱ። ሻንጣው ወደ አልጋ ሥር ተገፋ። ለቶኪዮ የተቋጠረው በርበሬ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ተፈታ።

«እስከዚያች ቀን አላለቀስኩም ነበር» አለችኝ። «እናቴ በርበሬውን ከሻንጣዬ ውስጥ ስታወጣ ሳይ ግን አለቀስኩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዘጠኝ ሰዓት

ትምህርቱ ተጀመረ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሰዓት አጠራር ደግሞ ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የቶኪዮ ሰው ሰዓቱን አይቶ የሚያነበው ቁጥርና እኛ የምንጠራው ቁጥር አንድ ሆኖ ቁጭ! እነሱ 9 ሰዓት ሲሉ እኛም 9 ሰዓት እንላለን። ብቻ እነሱ ቁርሳቸውን በልተው ፀጉራቸውን አበጥረው ክፍል ሲገቡ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጅብ እንኳ ወደ ጉድጓዱ የሚመለስበት ሰዓት!

ልጅቷ በሳምንት 3 ሌሊት በ9 ሰዓት ትነሳለች። የምትተኛው ከታናሽ እህቷ ጋር ስለሆነ ኮምፒውተሯን ተሸክማ ወጥ ቤት ትገባለች። ይበርዳል። ያንኑ ለቶኪዮ የተሰጣትን ጋቢ ትከናነባለች። አያቷ ለጸሎት ሲነሱ መብራት ያያሉ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ትምህርት ላይ ነኝ እማማ።»

«በዚህ ሌሊት የሚያስተምር ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይሉና አማትበው ይመለሳሉ።

ሲነጋ ደግሞ ሌላው ጣጣ ይጀምራል። መቼም እኛ አገር እቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ አለው ተብሎ አይታመንም። ቡና አፍዪ፣ እንግዳ መጥቷል ተነሺ፣ ወፍጮ ቤት ድረሺ… «ቶኪዮ ብሆን ኖሮ ወፍጮ ቤት ድረሺ ይሉኝ ነበር?» ትላለች እየሳቀች። ያኔ ግን አልሳቀችም።

ካሜራ ስለተተከለ ውጭ አገር አይሆንም

የመጀመሪያው መንፈቅ እንዴት አለፈ? «አላለፈም፤ ጎተተኝ» ነው መልሷ። ዩኒቨርሲቲው ያደረገው ቀላሉን ነገር ነው። የቶኪዮው ክፍል ጥግ ላይ ካሜራ ተከለና መምህሩ እንደ ወትሮው 90 ደቂቃውን አስተማረ። ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ድንገት ይስቃሉ፤ በምን እንደሳቁ ከአዲስ አበባ አይታይም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ ጀርባውን እንጂ ድምፁን አታገኙም። ጥያቄ ልትጠይቅ ማይኩን እስክትከፍት ርዕሱ አልፏል። 

ከሁሉ የከፋው ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ነው። እነዚያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እያወሩ ለምሳ ይወጣሉ። እሷ ጋ ስክሪኑ ይጠቁራል። «ብቻዬን መሆኔ የሚታወቀኝ ያኔ ነው» ትላለች። «ሌሊት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከድስቶች ጋር!»

በስክሪን ከሚከታተሉት 6 ተማሪዎች 2ቱ በሁለት ወር ውስጥ አቋረጡ። እሷም ልትከተላቸው ምንም አልቀራት።

እንግዲህ ቅድም ያስያዝኳችሁን ነገር አሁን አውጡት። ዩኒቨርሲቲው ወደ ስክሪን ያዛወረው የመምህሩን ንግግር ብቻ ነው። ንግግሩ ደግሞ ድሮም ቢሆን ሰው ውቅያኖስ የሚሻገርለት ነገር አልነበረም። ዝምድናው፣ መንተባተቡ፣ ከክፍል ወጥቶ አብሮ መብላቱ እዚያው ቶኪዮ ቀርቷል። ብዙ የቨርቹዋል ፕሮግራም የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የመጣለት ነገር የሄደበት ስላልሆነ ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ ምን ተለወጠ?

ደግነቱ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ብልህ ሴት ነበሩ። የቀሩትን 4 ተማሪዎች አንድ በአንድ አነጋገሩ። የጠየቁት ስለ ውጤታቸው ሳይሆን «በስንት ሰዓት ነው የምትነሱት? ከየት ሆናችሁ ነው የምታዩን? ከክፍል ጓደኞቻችሁ የስንቱን ስም ታውቃላችሁ?» እያሉ ነው። ባለታሪኬ ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠችው መልስ «የአንድም» ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የመምህሩ ንግግር ተቀድቶ ተማሪው በፈለገው ሰዓት እንዲያየው ተደረገ። በቀጥታ የሚገናኙበት ሰዓት ወደ ቶኪዮ ምሽት 8 ሰዓት ዞረ፤ እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ንግግር የሚባል ነገር የለም። ሦስት አራት ሆነው እየተከፋፈሉ መሥራት ብቻ! ለእያንዳንዱ የሩቅ ተማሪም አንድ ቶኪዮ ያለ ጓደኛ ተመደበለት። በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ግማሹን በጃፓንኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

የቤት ሥራውም «ጻፉ» ከማለት ይልቅ «ውጡ!» የሚል ሆነ። ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡና ሰው ጠይቁ። አንድ ሳምንት ርዕሱ ገበያ ነበር። ባለታሪኬ ሾላ ገበያ ሄደች። ጓደኛዋ ደግሞ ሰፈሯ ያለ አትክልት ሱቅ ገባች። ባለታሪኬ ከቲማቲም ነጋዴዋ ጋር ስትከራከር፣ «ተይ እንጂ እትዬ፣ ትንሽ ቀንሺልኝ» ስትል፣ ጃፓናዊቷ በስልኳ እያየች «ተጣላችሁ እንዴ?» አለች። እሷ የምታውቀው የተለጠፈውን ዋጋ ከፍሎ መሄድ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ስለ ዋጋና ስለ ክርክር ጽሑፍ አዘጋጁ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ሾላን ራሱ እንደ አዲስ ነው የማየው» አለችኝ።

ታዲያ ሁሉም ማር ብቻ ነበር እንዳትሉ። ሁለቱ ተኮራርፈውም ያውቃሉ። ጃፓናዊቷ ጥያቄ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። ባለታሪኬ ዝምታውን ንቀት አድርጋ ወሰደችው። ጃፓናዊቷ ደግሞ ንግግሯን ሳትጨርስ ይቺ ልጅ አፌን ትነጥቀኛለች ብላ ተቀየመች። ሁለት ሳምንት በሥራ ካልሆነ አልተነጋገሩም። አስተባባሪዋ ሁለቱንም አስቀምጠው ነገሩን አወጣጡት። ለካስ አንዷ ዝም የምትለው መልሱን አሳምራ ለመስጠት ነው፤ ሌላዋ ጣልቃ የምትገባው ጨዋታው ስለጣማት ነው! 

እኔ ይህንን ስሰማ «ይቺ ልጅ ውጭ አገር ደረሰች» አልኩ። ውጭ መማር ማለት ይሄው አይደል? በሌላው ዓይን ራስን ማየት።

ድንበሩ በማርች 2022 ተከፈተና ልጅቷ ለሁለተኛው ዓመት ቶኪዮ ገባች። ባቡር ጣቢያ የጠበቀቻት ያቺው የተኮራረፈቻት ጓደኛዋ ናት። «ስትቀበለኝ እንግድነት አልተሰማኝም» አለችኝ። ቀጥላ ግን «ቢሆንም እውነቱን ልንገርህ» አለች። «በመጀመሪያው ወር የለመድኩትን ጃፓንኛ በዓመቱ ሙሉ አልለመድኩትም። ባቡር ውስጥ ያለውን ጸጥታ፣ መንገድ ጠፍቶብኝ የቆምኩበትን ማታ፣ የዝናቡን ሽታ ስክሪን አይሰጥህም። አንድ ቀን ጓደኛዬ በርበሬ ምን ምን ይሸታል ብላ ጠይቃኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ባወራም አልቻልኩም። ስደርስ እናቴ የቀመመችውን ከፈትኩላት፤ አስነጠሳት!»

ሐሳቡ ከኮሮና በፊትም ነበር

ይሄ ነገር በኮሮና የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ሩቢን የሚባል የፊልም መምህር ነበር። በተለያየ አገር ያሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት እየተላላኩ አንድ ላይ ቪዲዮ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ከዚያ በመነሳት በ2006 ዩኒቨርሲቲው ኮይል የተባለ ማዕከል አቋቋመ። መላው ቀላል ነው፦ የሁለት አገር ሁለት መምህራን ይስማማሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ይቀላቅላሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ሥራ አብረው ይሠራሉ። አንዱ አስተማሪ ሌላው ተመልካች አይሆንም። 

እኛም አገር ቢሆን በ2007 በሕንድ መንግሥት የፓን አፍሪካ ኔትወርክ የሙከራ ፕሮጀክት አማካይነት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀመጡ ተማሪዎች ከሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በሳተላይት ተምረዋል። ዙም የሚባለው ነገር ከመፈጠሩ በፊት መሆኑ ነው!

አውሮፓውያኑ ደግሞ በ2021 በጀመሩት አዲሱ የኢራስመስ ዘመን ሁለቱን አጋብተዋል። በአካል ከ5 እስከ 30 ቀን የሚሄዱበት፣ ቀሪውን በኢንተርኔት የሚሠሩበት ፕሮግራም አላቸው። ከዚህ ሌላ በስክሪን ብቻ የሚካሄድ ልውውጥም በገንዘብ ይደግፋሉ፤ ይሄኛው ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችንም ያቅፋል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሄዳችሁ «እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ለመሆኑ ይሄ የሚጠቅመው ማንን ነው? ቪዛ ያገኘውን አይደለም፤ እሱ ይሂድ። የሚጠቅመው የታመመች እናቱን ጥሎ መሄድ ለማይችል፣ ሕፃን ልጅ ላላት፣ ከሥራው ለአንድ ወር እንኳ ፈቃድ ለማያገኝ፣ በኤምባሲ ደጃፍ ተሰልፎ ለተመለሰ ነው። የእነዚህ ምርጫ በመሄድና በስክሪን መካከል አይደለም። በስክሪንና በምንም መካከል ነው።

ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ?

ሌላው ያነጋገርኩት ወጣት ዕድሉ የከፋ ነው። በ2020 ክረምት ጀርመን ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአንድ ወር የልውውጥ ኮርስ ነበረው፤ ያውም በቨርቹዋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ ሳይመለስም ሳምንታት ቆየ። ሲመለስ ኢሜይሉን ከፈተ። በመጀመሪያው «ለምን ቀረህ?»፣ በሁለተኛው «ማስጠንቀቂያ»፣ በሦስተኛው «ከዝርዝሩ ተሰርዘሃል» የሚል ነበር የጠበቀው። 

«አውሮፕላን ቢያመልጠኝ ይሻል ነበር» አለኝ። «አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ቢያንስ ያመለጠው መሆኑን ያውቃል።»

ለመምህሮቹ ኢንተርኔት ማለት እንደ ቧንቧ ውኃ ነው። የእኛ ቧንቧ ደግሞ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እናንተው ታውቃላችሁ! ስለዚህ ይህንን ነገር አስቀድሞ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው።

ግብዣው ከመጣላችሁ…

እስቲ አሁን ወደ ምክሩ። እሺ ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ በቀጥታ የምንገናኘው በማን ሰዓት ነው? ሁልጊዜ በእነሱ ቀን፣ በእናንተ ሌሊት ከሆነ «እየተፈራረቅን እንንቃ» በሉ። ዓይን ማፈር አያስፈልግም። ለአንድ ሳምንት የማይከብድ ሌሊት ለአራት ወር ሲሆን ጤና ይነሳል።

ሁለተኛ፣ ከማን ጋር ነው የምሠራው? መልሱ «ከታወቁ ፕሮፌሰር ቪዲዮ ታያለህ» ከሆነ ያ ልውውጥ ሳይሆን ፊልም ነው። በስም የሚመደብላችሁ ተማሪ፣ አብራችሁ የምትጨርሱት ሥራ መኖሩን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ መስመር ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል? የተቀዳ ትምህርት አለ? ሥራ በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት ማስረከብ ይቻላል? ከወጪም አንጻር አስቡት። በቡድን በቪዲዮ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ስብሰባ እንደ ጥራቱ 1 ጊጋ ባይት ወይም ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። በድምፅ ብቻ ሲሆን 100 ሜጋም አይሞላ። «ካሜራ ካልከፈትክ ነጥብ ይቀነሳል» የሚል ሕግ ካለ ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት።

አራተኛ፣ ዋጋው! ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሆኗል። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ድሮ 28 ሺህ ብር አካባቢ የነበረ የ500 ዶላር ፕሮግራም ያኔውኑ ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ስለዚህ ለማደሪያ፣ ለመጓጓዣ፣ ለምግብ የማያወጡላችሁን ተቋም በአካል የሚሄደው ተማሪ የሚከፍለውን ያህል ለምን ትከፍሉታላችሁ? ቅናሽ ጠይቁ። ደግሞም ነጻ የሆኑ ልውውጦች እንዳሉ አትርሱ።

አምስተኛ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ወረቀት ምንድን ነው? የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚቆጥረው ኮርስ? ዲግሪ ከሆነ ደግሞ የውጭ የትምህርት ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በኢንተርኔት ለተገኘ ማስረጃ ምን እንደሚጠይቅ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ አጣሩ። ከላኩ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከጀመራችሁ በኋላስ? ባለታሪኬ የነገረችኝን እነሆ። ጠዋት ከፒጃማ ውጡ፤ ልብስ ለብሳችሁ ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡ። በሳምንት አንድ ቀን ስለ ትምህርት ያልሆነ ወሬ ከጓደኛችሁ ጋር አውሩ፤ ስለ ጸጉር፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት ኪራይ። ያልገባችሁን «ገብቶኛል» አትበሉ። ክፍል ውስጥ ፊታችሁን አይቶ የሚረዳ መምህር አለ፤ በስክሪን ግን ዝም ካላችሁ የተረዳችሁ ነው የሚመስለው። 

ለቤተሰብም አንድ ቃል

እናትና አባቶች፣ አክስትና አጎቶች ይህችን ጋዜጣ ከልጆቻችሁ ቀምታችሁ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ልጃችሁ እቤት ሆኖ የውጭ አገር ትምህርት ቢማር ቀረ ማለት አይደለም። በር የዘጋበትን ሁለት ሰዓት ቶኪዮ እንዳለ ቁጠሩለት። ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል፣ ቡናውም ይቆያል። ጎረቤት ሲጠይቅም አንገት አትድፉ። «ልጃችን እየተማረች ነው» ማለት ይበቃል። ለባለታሪኬ መሠረቱ የተለወጠው መምህሮቹ ሰዓቱን ባስተካከሉ ጊዜ ብቻ አይደለም። አባቷ አንድ እሑድ ዕድር ሄደው በሰው ፊት «ልጄ ሌሊት በ9 ሰዓት እየተነሳች ከጃፓኖች ጋር ትማራለች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ በ9 ሰዓት የምነሳው አንድ ነገር ሲሰረቅ ብቻ ነበር» ብለው ያሳቁ ቀን ጭምር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ቀን በቀን ሱቅ መሄድ ጀመረች።

የሆነው ሆኖ የእኔ ምክር ይሄው ነው። መሄድ የሚችል ይሂድ፤ የሚተካው የለም። መሄድ ያልቻለ ደግሞ በሩ ሲንኳኳ አይኩራ። ነገር ግን በር ያንኳኳው ሰው ካሜራ ብቻ ይዞ የመጣ እንደሆነ «ሰውስ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰው ከሌለበት ሻይ አፍሉና መጽሐፍ አንብቡ፤ እሱ ይሻላችኋል።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ መብራቱም መስመሩም አይጥፋባችሁ። ቸር ያሰንብተን!